ፈንታሌ ላይ የወጣው የቡና ችግኝ

ከአባቴ ጋር ረዥም መንገድ ሳይሄድ "ታጋሽ ነኝ" የሚል ሰው ቢኖር አላምነውም። እኔም በጊዜው ታጋሽ ነኝ ባይ ነበርኩ። ከጅማ እስከ ፈንታሌ ተራራ አብሬያቸው ሄጄ ስመለስ ግን ያቺ ታጋሽ ልጅ የት እንደቀረች እስካሁን አላውቅም። ግትር አባት ወይም ግትር ልጅ ያላችሁ ይህን ገጠመኝ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ከሁለቱ አንዱም የሌላችሁ ደግሞ ምናልባት ግትሮቹ እናንተው ናችሁ።

ዘመኑ የደርግ ነበር። ጅማ፣ አወቱ መንደራ ሰፈር ተወልጄ ያደግኩ፣ የመምህራን ማሠልጠኛውን ጨርሼ ምደባ የምጠባበቅ ልጅ ነበርኩ። ያኔ የት እንደምንመደብ የሚወስነው ዕጣ ነው። እጄን ሰድጄ ያወጣኋት ብጣሽ ወረቀት መተሐራ ትላለች። ጓደኞቼ "አይ የሐዋ ነገር፣ እሳት ላይ ጣላት" ብለው አዘኑልኝ። እኔ ግን ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤቱ ደጃፍ መገኘት እንጂ ሌላ ነገር አልታየኝም። ሰኞ ካልቀረብኩ ቦታው ለሌላ ይሰጣል፤ እኔም ሽማግሌ ልኮ መልስ የሚጠብቀውን የጨርቅ ነጋዴ ልጅ አግብቼ ሱቅ መጥረግ ነው ዕጣዬ።

አባቴን ሰው ሁሉ አባ ቢያ ይላቸዋል። ከአንድ ግንድ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ፈልፍለው የሚያወጡ አናጺ ናቸው፤ በአጋሮ መንገድ ላይ ትንሽ የቡና ማሳም አለቻቸው። መተሐራ መመደቤን ስነግራቸው እሺም እምቢም አላሉ። ሦስት ቀን በርጩማቸውን ሲፈለፍሉ ቆዩና፣ "አገሩን በዓይኔ ሳላይ ልጅ አልሰጥም" አሉ።

"ለባል አይደለም እኮ አባ፣ ለሥራ ነው።"

"ለባል ቢሆን ሰውየውን አይ ነበር። ለአገር ከሆነ አገሩን አያለሁ።"

በአባቴ ወገን አንድ ልማድ አለ። ልጅ ከቤት ወጥቶ አዲስ ደጃፍ ሲይዝ፣ አባት ከራሱ ማሳ የነቀለውን የቡና ችግኝ እደጃፉ ላይ ይተክልለታል። ቡናው የያዘበት ቤት፣ ቤት ነው። ቡና እምቢ ያለበት መሬት ሰው አይኖርበትም ይላሉ። ስለዚህ ቅዳሜ ንጋት ላይ አባቴ በአንድ እጃቸው ቆርቆሮ ውስጥ የተተከለች ችግኝ፣ በሌላው ለሰላት የሚታጠቡበትን የውዱ ማንቆርቆሪያቸውን ይዘው፣ ጃንጥላቸውን በብብታቸው ወሽቀው፣ የዝናብ ቦቲ ጫማቸውን አጥልቀው አውቶቡስ ጣቢያ ተገኙ። በበጋ፣ ወደ በረሃ ለመሄድ።

"አባ፣ እዚያ እኮ ዝናብ የለም።"

"ኢንተላ ኮ፣ ዝናብ የሌለበት አገር የለም። የዘገየበት ነው ያለው።"

ልጄ ሆይ ሲሉ እንዲህ በኦሮምኛ ከጠሩኝ ክርክሩ አለቀ ማለት ነው።

ጊቤ ከመድረሳችን በፊት ባለው ኬላ አውቶቡሱ ቆመ። ያኔ ከጅማ ቡና ይዞ መውጣት ወንጀል ነበር። ፈታሹ ከመቀመጫ ሥር፣ ከእናቶች መቀነት፣ ከሕፃናት አንቀልባ ውስጥ ሳይቀር ቡና ሲያወጣ ቆይቶ አባቴ ጋ ደረሰ። ወጣት ነው፤ ፂሙ ገና ያቆጠቆጠ።

"አባት፣ ይሄ ምንድን ነው?"

ክንዳቸውን ቆነጠጥኩ። አበባ ነው ቢሉ፣ የሎሚ ተክል ነው ቢሉ ሁላችንም እንገላገላለን።

"ቡና ነው" አሉ አባቴ።

ከኋላችን የተቀመጡት ሴትዮ "ኡኡቴ" ሲሉ ሰማሁ።

"ቡና ማውጣት ክልክል መሆኑን አያውቁም?"

"አውቃለሁ። ይኼ ግን ፍሬ የለውም።"

"ነገ ቢያፈራስ?"

"አላህ ካለ ከሦስት አራት ዓመት በኋላ ያፈራል። ያኔ መተሐራ መጥተህ ውረሰው፤ ምሳም እንጋብዝሃለን።"

ተሳፋሪው ሳቀ። ፈታሹ መሳቅ አማረውና ዋጥ አድርጎ አለቃውን ጠራ። አለቃው ችግኟን ዞር ዞር አድርጎ አየና "ይሄ ቅጠል ነው፤ ይለፍ" አለ። እፎይ ልል አፌን ስከፍት አባቴ፣ "ቅጠል አይደለም፣ ቡና ነው። በአላህ ስም ያልሆነውን ነው ብዬ አላልፍም" አሉ። እንደገና ተጀመረ። አውቶቡሱ ፀሐይ ላይ ቆሞ፣ ሹፌሩ መሪው ላይ ግንባሩን ደፍቶ፣ እኔ በነጠላዬ ፊቴን ሸፍኜ። በመጨረሻ አለቃው፣ "ቡና ነው፤ ግን ቡና ያልሆነ ቡና ነው" ሲል አባቴ ትንሽ አሰቡና በዚህ ተስማሙ።

አዲስ አበባ ዘመድ ቤት አድረን እሑድ ጠዋት የናዝሬቱን መንገድ ይዘን መተሐራ ገባን። ከመግባታችን በፊት ግን አንድ ወሬኛ ተሳፋሪ ሥራውን ሠራ። ግራና ቀኝ የተዘረገፈውን ጥቁር ድንጋይ አባቴ አፍጥጠው ሲያዩ፣ "ይኼ ሁሉ ከዚያ ተራራ ሆድ ቀልጦ የወጣ ነው። ፈንታሌ ይባላል። እሳቱ እኮ አልጠፋም፤ ዛሬም አናቱ ላይ ይጨሳል" አላቸው።

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። "አልጋሽን እሳት ላይ ልትዘረጊ ነው?"

"አባ፣ ተራራው ከከተማው ሩቅ ነው።"

"እሳት ሩቅ ብሎ ነገር አያውቅም። ወጥቼ አየዋለሁ። ካላየሁ ዛሬውኑ ይዤሽ እመለሳለሁ።"

እንግዲህ ሰዎች በሰላም ጊዜ ገንዘብ ከፍለው፣ መነጽር አንጠልጥለው ሊጎበኙት የሚሄዱትን የአዋሽ ፓርክ እኔ የጎበኘሁት እንዲህ ነው፤ የአባቴን ቦቲ ጫማ ተከትዬ፣ ችግኝ ታቅፌ፣ ሥራዬን ላለማጣት። ፓርኩ በር ላይ አቶ በቀለ የሚባሉ ስካውት፣ የፓርኩ ጠባቂ፣ አገኘን። የአባቴን ነገር ሲሰሙ ሳቁና፣ የጥበቃ ላንድሮቨር ወደ ላይ ስለሚወጣ አብረን እንድንሄድ ፈቀዱልን።

"ውሃ ይዛችኋል?" አሉን።

አባቴ ተገረሙ። "ተራራ አይደለም እንዴ የምንወጣው?"

እዚህ ላይ የጅማን ሰው የማያውቅ ይሳሳታል። አባቴ እብድ አይደሉም። በእኛ አገር ተራራ ማለት ምንጭ ማለት ነው። ከፍ ባልክ ቁጥር ውሃው ይጠራል፤ መንገደኛ ዳቦ እንጂ ውሃ ተሸክሞ አይሄድም፣ ቢሄድ ይሳቅበታል። እኔም ብሆን የተማርኩ ነኝ ባይዋ፣ አፌን ሞልቼ "እዚህ ውሃ የለም" አላልኩም። ይኼ መሬት ውሃ የለውም ብል ነገሩ ያኔውኑ ያበቃ ነበር። ስለዚህ ያለን ውሃ በማንቆርቆሪያዋ ውስጥ ያለችው ብቻ ነበረች።

ሳላዎቹ ቀንዳቸውን እንደ ጦር አቁመው ሲያዩን፣ ዝንጀሮዎቹ ሲጮኹብን አልፈን፣ ላንድሮቨሩ ከአፋፉ አጠገብ አንድ ግራር ሥር አወረደን። አቶ በቀለ፣ "ከዚህ ጥላ እንዳትርቁ። ወደ አመሻሽ ስንመለስ እናነሳችኋለን" ብለው ሄዱ።

አፋፉ ላይ ቆመን ወደ ውስጥ አየን። ተራራው አናቱ ተቦርቡሮ ትልቅ ጎድጓዳ ሆኗል። ዙሪያው ገደል ነው፤ ታች ወለሉ ላይ አረንጓዴ ቁጥቋጦ አለ፤ ከአንድ ጥግ ነጭ እንፋሎት ቀስ እያለ ይወጣል። እውነቱን ለመናገር ልቤ ተነካ፤ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ግን ማን ያስጨርሰኛል።

"እንፋሎት ካለ ውሃ አለ" አሉ አባቴ። "አረንጓዴ ካለ ምንጭ አለ። ማንቆርቆሪያውን ሞልተን እንምጣ።"

"አባ፣ ከጥላው አትራቁ ተብለናል።"

"ውሃ እያየ ጥላ ሥር የሚቀመጥ ከብት እንኳ የለም" ብለው የፍየል መንገዱን ይዘው ወረዱ። ችግኟን ይዤ ተከተልኳቸው። ጃንጥላቸውን ዘርግተዋል፤ ለራሳቸው ግን እንዳይመስላችሁ፤ ወደ ኋላ ዘንበል አድርገው ለችግኟ ነው የያዙላት።

ግማሽ ላይ ቦቲያቸው አንሸራተታቸውና በቂጣቸው ወደቁ። ማንቆርቆሪያው ተንጋለለ፤ ጥቁሩ ድንጋይ ውሃውን ጠጥቶ ወዲያው ደረቀ። ሲያነሱት የቀረው ጥቂት ነበር። እኔ ከጠዋት ጀምሮ ጉሮሮዬ ተጣብቋል። አንድ ጉንጭ ብል ምን ነበረበት። ግን ጠማኝ ያልኩ እንደሆነ "ይኸው፣ ይኼ አገር አይሆንሽም" ይሉኛል፤ ሰኞዬ አበቃላት። ምላሴን ነክሼ ሄድኩ።

ከእንፋሎቱ ደረስን። ስንጥቁ ዙሪያ ድንጋዩ እርጥብ ነው፣ ትኩስ አየር ፊት ይገርፋል፤ ውሃ የሚባል ግን የለም። አባቴ አላመኑም። ተንበርክከው የማንቆርቆሪያውን አፍ ስንጥቁ ላይ ደገኑ። ትንሽ ጠበቁ። ማንቆርቆሪያው ውጪውን አላበው እንጂ ውስጡ አልጨመረም። "ሱብሐነላህ" አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

የዙሁር፣ የቀትሩ ሰላት ደርሶ ነበር። ያቺን የቀረች ውሃ ለውዱ ያፈሷታል ብዬ ስሰጋ፣ መዳፋቸውን ንጹሕ አፈር ላይ አሳርፈው ፊትና እጃቸውን አበሱ፤ በውሃ ምትክ በአፈር፣ ተየሙም አደረጉ። ውሃውን አልነኩትም። አየሽ፣ አልኩ ለራሴ፣ ለሰላት እንኳ ያላወጡት ለችግኟ ብለው ነው። የዚያን ጊዜ ንዴቴን ብትነኩት ያቃጥል ነበር። አንዲት ፍሬ እንኳ ለሌላት ቅጠል እኔ ልድረቅ እንዴ። ግን አሁንም አልጠየቅኩም።

ስንመለስ ዳገቱ ሁለተኛ ተራራ ሆነብኝ። ላቤ ቆሟል። ጆሮዬ ውስጥ ፉጨት ይሰማኛል። ከዚያ የማስታውሰው ጉንጬ ትኩስ ድንጋይ ላይ መሆኑንና የአባቴን እጅ ነው። ራሴን ጭናቸው ላይ አድርገው የማንቆርቆሪያውን አፍ ከንፈሬ ላይ አስደግፈው ያጠጡኛል።

"ጠጪ። ሁሉንም።"

ጠጥቼ ስጨርስ፣ የመጀመሪያ ቃሌ ምስጋና መሆን ነበረበት። ያልኩት ግን፣ "ውሃ እያለ ለምን አልሰጡኝም?" ነው።

"ለምን አልጠየቅሽኝም?" አሉኝ።

"ብጠይቅ ወደ ጅማ ሊመልሱኝ።"

ባዶውን ማንቆርቆሪያ ከጎናቸው አስቀመጡ። ከዚያ፣ "እውነት ነው፤ ልመልስሽ ነበር" አሉ። "ከጠዋት ጀምሮ እጠብቅሻለሁ። አባ ውሃ ስጠኝ በይኝና አጠጥቼሽ፣ አገሩ አይሆንሽም ብዬ ይዤሽ ልሄድ። ለዚህ ብዬ እኔም አልጠጣሁም። የኔን ድርሻ ያንቺ ላይ አድርጌ ነው የያዝኩት።"

"ለችግኟ መስሎኝ ነበር።"

"ችግኝ ማሳዬ ላይ ሞልቷል" አሉ።

ሊነሡ ሞክረው ተመልሰው ተቀመጡ። ያኔ ነው ከንፈራቸው መሰንጠቁን፣ ዓይናቸው መጉደጉዱን ያየሁት። ሙሉ ቀን ከፊታቸው ቆሜ አላየሁትም። ፈራሁ። እስከዚያች ሰዓት የፈራሁት ሰኞን ነበር፤ ከዚያች ሰዓት በኋላ ሰኞ የሚባል ቀን መኖሩንም ረሳሁ። ጃንጥላውን ራሳቸው ላይ ተክዬ፣ ዳር ዳሩን በድንጋይ አስይዤ፣ ችግኟን ከጎናቸው አስቀምጬ የፍየሉን መንገድ ሽቅብ ሮጥኩ። ፍየል ካለ ባለ ፍየል አለ።

ከአፋፉ በታች አንዲት የከረዩ ጎሳ ሴት ፍየሎቿን ስታግድ አገኘሁ። በትከሻዋ የወተት መያዣ ጮጮ አንጠልጥላለች። በኦሮምኛ ጮህኩላት፤ አባቴ እየሞቱ ነው፣ ቢሻን፣ ውሃ አልኳት። ሴትዮዋ በትሯን ተከለችና ረጋ ብላ፣ "አካም ጂርታ?" አለችኝ። ደህና ነሽ ወይ ማለቷ ነው።

"ደህና ነኝ፣ አባቴ ግን..."

"ነጋ ነው፣ ሰላም ነው? ቤተሰብ ደህና? ከብቱ ደህና? አገራችሁ ዝናብ ጣለ?"

ፀጉሬን መንጨት አማረኝ። እኛም ጅማ ሰላምታ እናስረዝማለን፤ ይኼ ግን ሰው እየሞተ ነው። ሳልጨርስላት እንደማትንቀሳቀስ ስለገባኝ ከጅማ ነን፣ ከብቱም ደህና፣ ዝናቡም ደህና እያልኩ መለስኩላት። ለካ ስታወራኝ ዓይኗ እኔ ላይ አልነበረም፤ ከየት እንደመጣሁ መንገዱን እየቃኘች ኖሯል። ሰላምታው እንዳለቀ እኔ የማልችለውን ገደል ቆርጣ ወረደች።

ስንደርስ አባቴ ጃንጥላው ሥር ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ሴትዮዋ ጮጮዋን ከፍታ የግመል ወተት አቀረበችላቸው። ዓይናቸውን ገለጡ፣ አዩዋትና፣ "አካም ጂርታ? ቤተሰብ ደህና? ግመሎቹ ደህና?" ብለው ጀመሩ። አለቀስኩ። ከንዴት ይሁን ከደስታ እንጃ።

ጠጥተው ነፍስ ሲዘሩ፣ "እንዴት ነው እዚህ እሳት ላይ የምትኖሩት?" ብለው ጠየቋት።

"እናንተስ ጅማ ዝናብ ሥር እንዴት ነው የምትኖሩት?" አለች። "ልብስ ይሻግታል ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔ አንድ ቀንም አላድርም።"

አባቴ ሊስቁ ፈልገው ሳል ያዛቸው። አቶ በቀለ ጥቁሩን ጃንጥላ ከአፋፉ ላይ አይተው ሲወርዱ እንደዚያው ተቀምጠን ነበር። የተቆጡንን ቁጣ እዚህ አልጽፈውም፤ ሁሉም ቃል ይገባን ነበር።

ማታ መተሐራ ስንገባ አባቴ፣ "መሬቱን አልወደድኩትም" አሉ። "አሁንም አልወደውም። ግን ልጄ ውሃ ከመጠየቅ ሞትን የመረጠችው መሬቱ ከፍቶ አይደለም፣ እኔን ፈርታ ነው። ከእሳቱ ይልቅ ያስደነገጠኝ እሱ ነው። ሥራሽን ሥሪ። አንድ ነገር ብቻ ማይልኝ፤ ሲጠማሽ ጠማኝ በይ።"

ማልኩላቸው። ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ተገኘሁ፤ አባቴ ደግሞ በተከራየሁት ክፍል ደጃፍ ችግኟን ተከሉ። ከአንድ ወር በኋላ ደርቃ ሞተች።

በዓመቱ ሌላ ይዘው መጡ። ያም ሞተ። "ዘንድሮ ጥላውን እናበዛለታለን" ብለው በሦስተኛው ዓመትም መጡ። አባ፣ ቡና እዚህ አይበቅልም፣ በልማዱማ ከሆነ እኔም መነቀል አለብኝ እያልኩ ስጨቃጨቃቸው፣ "ዝም በይ፣ የዘገየ ነው" ይሉኛል። አገሬው ስቆብናል። የኬላው ፈታሽ እንኳ ወዳጃቸው ሆኖ "አባ ችግኝ" ይላቸው ጀመር። ቡናው እንደማይበቅል ከእኔ ይልቅ የሚያውቁት እሳቸው መሆናቸው የገባኝ ዘግይቶ ነው። ችግኝ የሚያመጣ ሰው በየዓመቱ መምጣት አለበታ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ዝምታ ወርቅ ነው የሚሉትን ሁሌ አትስሙ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለው ይሻላል። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሰዎች፣ አንዱ ሌላው እስኪጠይቅ፣ ሌላው አንዱ እስኪሰጥ ሲጠባበቁ፣ ማንቆርቆሪያው መሐላቸው ተቀምጦ ሁለቱም ይደርቃሉ። እኔና አባቴ እሳተ ገሞራ ላይ ወጥተን ነው የተማርነው፤ እናንተ ቤታችሁ ተቀምጣችሁ ብትማሩት ይቀላል።

አባቴ ደርግ ሳይወድቅ አረፉ። ከቀብር ስመለስ አውቶቡሱ እዚያው ኬላ ላይ ቆመ። ፈታሹ፣ ያ ወጣት፣ አሁን ጎልማሳ ሆኗል። እየፈተሸ መጥቶ ጭኔ ላይ ያለውን ማንቆርቆሪያ ሲያይ ቆመ።

"ይቺን አውቃታለሁ" አለ። "ሽማግሌውስ? ችግኛቸውስ?"

"አላህ ወሰዳቸው" አልኩት።

ኮፍያውን አወለቀ። ከዚያ "ነፍስ ይማር" ብሎ፣ ሻንጣዬን ሳይነካ ሊያልፍ ዞር ሲል ከኋላው ጠራሁት። ከጠዋት ጀምሮ፣ ከቀብሩ ጀምሮ፣ ምንም አልቀመስኩም ነበር።

"ወንድሜ፣ ጠምቶኛል" አልኩት።

ማንቆርቆሪያዋን ከእጄ ወስዶ፣ አውቶቡሱን አቆይቶ፣ ውሃ ሞልቶ አመጣልኝ።